የቀዳሚው ዕጣ

የዘርማ ወንዝ ሽቅብ ፈስሶ ወደ ዘንዶው ጎርማድ ዋሻ የገባ ዕለት አገር በድንጋጤ ደርቆ ቀረ። ጎርማድ ውሃውን የሚለቀው በዕጣ ላሸነፈው ብቻ ነበር። በአንድ ማሰሮ ውስጥ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ጠጠር አለ። ተራ በተራ ይወጣል፤ ጥቁር ያወጣ መልሶ ይከታል፤ ነጩን ቀድሞ ያወጣ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ ድንጋይ ይሆናል። ሰባት ጀግኖች ሄደው ሰባቱም በዋሻው ደጅ ድንጋይ ሆነው ቀሩ። ሰባተኛው የሽማግሌው የጦር አበጋዝ የመርዕድ ልጅ ነበር።

ስምንተኛዋ የቁጥር ተማሪዋ ታልማ ናት። ከመርዕድ ጋር የጨው በረሃውን ሲያቋርጡ ዳቦ ሊቆርሱ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ቀድሞ ያወጣ የነበረው ማን ነው?»

«ጎርማድ ነዋ! የሺህ ዓመት ታላቅ ነው። ‹ይቅደሙ› እንዲሉት የመከርኳቸው እኔ ነኝ፤ አገራችን ዘርማ ባለጌ አታሳድግም።»

ታልማ ዳቦውን አራት ቦታ ቆረሰችው። «ግማሹ፣ ሁለቱ ቁራሽ፣ የቀዳሚው ዕድል ነው፤ ከቀረው ግማሹ፣ አንዱ ቁራሽ፣ የተከታዩ። ሁለቱም ጥቁር ካወጡ አራተኛው ይተርፋል። እሱንም አራት ቦታ፤ ሁለት ለቀዳሚ፣ አንድ ለተከታይ...» ፍርፋሪ እስኪሆን ቆረሰች። «ማለቂያ የለውም፤ ግን ሁልጊዜ ሁለት ለአንድ ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ የጎርማድ ነበር! ጋሼ፣ የገደለን ጨዋነታችን ነው!»

እንዴት አገር ሙሉ ሰው ሰባት ጊዜ አልቅሶ አንዴ አይቆጥርም! ልጁን እስከ ዋሻው በር ሸኝቶ «ታላቅህን አክብር» ያለው መርዕድ ራሱ ነበር።

ከዋሻው ሲደርሱ ጎርማድ ማሰሮውን ገፋ። «ማን ይቅደም?»

«እኔ!» አለች ታልማ።

ዘንዶው ሳቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከታላቅ መቅደም ዋጋ አለው፤ አንድ ታላቅ ስለ አንቺ ድንጋይ ይሆናል። ብታሸንፊም አይመለስም።»

መርዕድ ሰይፉን መሬት ላይ አኖረ። «ድንጋይ በሆነው ልጄ እምላለሁ፤ ይህች ልጅ ከማንም ኋላ አትቆምም!»

«ጋሼ፣ ተዉ! ከሦስት እጅ አንዱ አሁንም የሱ ነው!»

«ልጄን በዚያች አንድ እጅ ልኬዋለሁ» አለ፤ ወዲያውም ድንጋይ ሆነ።

ታልማ እየጮኸች እጇን ማሰሮው ውስጥ ከተተች። ጥቁር። ጎርማድ አወጣ፤ ጥቁር። እንደገና ከተተች። ነጭ!

ወንዙ እያገሳ ከዋሻው ወጣ። ጉሮሮዋ በጥም ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በእፍኟ ቀዳች፣ ግን አልጠጣችም። ወደ ድንጋዩ ሄዳ ከንፈሩ ላይ አፈሰሰችው።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ።»