የአርማኒያው ቁልቁለትና ነጩ ፍሬም

ሀሩን ሷሊሕ ከአርማኒያ ከፍ ብሎ ባለው ኩርባ፣ አስፋልቱ ዳር ወድቋል። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። የክለቡን ማሊያ እንደለበሰ ነው፤ የራስ ቆቡ ማሰሪያ እንኳ አልተፈታም። ብስክሌቱ ራቅ ብሎ ለሁለት ተከፍሎ ተኝቷል።

ኢንስፔክተር ሰናይት ከሸዋ ሮቢት ስትመጣ ሰው ከቦት ነበር። በተነችው። የአንገት ልብሷን አውልቃ ፊቱን ሸፈነችው። ከዚያ ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ዞረች።

«መኪና ነው?»

«መኪና የለም። ድንጋይም የለም። ለልምምድ ከጣርማ በር ጀምሮ እየበረረ ሲወርድ የብስክሌቱ አጽም፣ ፍሬሙ፣ መሃሉ ላይ ተቀነጠሰ።»

«ብረት እንዲህ ይቀነጠሳል?»

«ብረት አይደለማ። ካርቦን ነው የሚሉት። አሮጌው ፍሬሙ ተሰንጥቆበት በእሱ ምትክ በቅናሽ የገዙለት ነው አሉ።»

ሬሳው ገና ከተማ ሳይደርስ ሸዋ ሮቢት ፈርዳ ጨረሰች። አሰልጣኙ ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ልጁን ገደለው። በቃ። ወጣቶች የቤቱን በር በድንጋይ ስለመቱበት ፖሊሶች አሰልጣኝ አሰግድን ጣቢያ አስገቡት። ለእሱም የሚሻለው ይኸው ነበር።

ሀሩን የተቀበረው በዚያው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በፊት ነው። ሰናይት አላዘገየቻቸውም። የምትፈልገው የተሰበረውን ብስክሌት ነበር።

አሰግድ የስፖርት አስተማሪ ነው። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ሰናይት ስትገባ ከአግዳሚው አልተነሳም።

«ለምን ረከሰ?» አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

«ፍሬሙ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ትንሽ ስለሆነ ነው። የተሠራው ለአጭር ሰው ነው፣ ቀለሙም ያለፈው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ ገዢ አጣ። ሀሩን ደግሞ አጭር ነው። ነበር። ሁለት ነበር የቀረቡልን። አንደኛው ጥቁር ነው፣ ከነጩም ይረክሳል፣ ግን ጭረት ነበረው። እኔ ነጩን አልኩ። ለጥንቃቄ ብዬ።»

«ደህና መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በሳንቲም።»

«አትቀልድብኝ።»

«ወላዲቷን አልቀልድም። ካርቦን ሲጎዳ ከላይ አያሳይም። ውስጡ ነው የሚደቀው። በሳንቲም ስትመቺው ደህናው ጠቅ ጠቅ ይላል። የተጎዳው ዱብ ይላል። ሱቁ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር መታሁት። ዓርብ ጠዋት ቤቴ ስንገጥመውም ደገምኩት። ጠቅ ጠቅ ነበር የሚለው፣ ሁሉም ጋ።»

«ምስክር አለህ?»

«አብዱረዛቅ አለ። ግን እሱ ለእኔ አይመሰክርም። ይጠላኛል።»

ሰናይት ኪሷን ዳበሰች። አንድ ብር ሳንቲም አገኘች።

የተሰበረው ብስክሌት ጣቢያው ጓሮ በሸራ ተሸፍኗል። ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ ነው የተቀነጠሰው። በሳንቲሙ ከላይ ጀመረች። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ወደ ስብራቱ ስትጠጋ ዱብ አለ። ገለበጠችው። በሆዱ በኩል፣ ስብራቱ አፍ ላይ፣ ነጩ ቀለም ጠቁሯል። ቀለሙ አልተላጠም፣ አልተጫረም። በምራቋ አሸችው። አልለቅ አለ። አሸተተችው። ጎማ ጎማ ይላል። ጥቁሩ ምልክት ደግሞ አንድ አልነበረም፤ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው።

አብዱረዛቅን ያገኘችው አውቶብስ ተራው ጋ ነው። በክለቡ ከሀሩን ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። እሁድ ደብረ ብርሃን ላይ በሚደረገው ውድድር አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ከልጆቹ መሃል ሊመርጥ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ።

«እንግዲህ አንተ ነህ የምትሄደው» አለችው።

«ስድብ ነው?»

«ጥያቄ ነው።»

«አልሄድም። ብስክሌቴን ሸጫለሁ። ጠይቂ ከፈለግሽ።» ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ ብሆን ፍሬን እፈታ ነበር፣ ኢንስፔክተር። የፍሬን ብሎን ግማሽ ዙር ካላላሽ ማንም አያውቅብሽም። ፍሬም የሚሰብር ጅል ማነው?»

«ሳንቲሙስ?»

ፊቱን አዞረ። «አሰልጣኙ ሰውየው ደረቅ ነው። አልወደውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ አርጎኛል። ግን መቷል። ሱቁም፣ ዓርብም። እኔ ነበርኩ ብስክሌቱን የያዝኩለት። ንጹህ ነበር።»

«ከዚያስ የት ገባ?»

«ሀሩን አባቱ ጋራዥ ወሰደው። ማታ ሄደን ወስደን እኛ ቤት አሳደርነው። ሌሊቱን አቅፎት ነው የተኛው። ሳቅኩበት። ‹ኒካህ አስረን እንዳራችሁ እንዴ› አልኩት።»

በማግስቱ ሰናይት ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ የተተከለው ጋራዡ ፊት ለፊት ነው። የሀሩን አባት ጋሽ ሷሊሕ የመኪና አካል ያቃናሉ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ የተጋጨ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ስርጉድ በእጃቸው ሲወጣ እንደነበረ ይሆናል ይላል።

«ኢና ሊላሂ» አሉ ሳያዩዋት። «ቁጭ በይ ልጄ። ያንን ሰው እንዳትለቂው።»

«አሰልጣኙን?»

«የሞተ ዕቃ አስታቀፈው። በርካሽ።»

«ብስክሌቱን አይተውት ነበር?»

«ከሩቅ ነዋ። ዓርብ እዚያ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ነበር። እኔ እጄንም አላሳረፍኩበት። ምን አውቄ?»

«ታዲያ የሞተ ዕቃ መሆኑን እንዴት አወቁ?»

«ከላይማ ምን ይታያል። ሆዱ ላይ እንኳ አንድ ስርጉድ የለውም። ውስጡ ነው የበሰበሰው።»

ሰናይት ጋራዡን አየችው። ግማሹ የተቃና የቶዮታ ፓራፋንጎ፣ የጎማ መከለያ ቆርቆሮ፣ በርጩማ ላይ ተጋድሟል። ጎኑ መዶሻ አለ፣ አናቱ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠምጥሞ።

«ይሄ ላስቲክ ለምንድን ነው ጋሽ ሷሊሕ?»

«ቀለም እንዳይልጥ ነው» አሉ፣ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ እንዳለ።

እትዬ ከዲጃ፣ የሀሩን እናት፣ ጓዳ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ታላቁ ነው። ዩኑስ» አሉ። «በጅቡቲ በኩል ወጣ። ባሕሩ በላው። ሬሳም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ሷሊሕ የመናኸሪያ ጡሩምባ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። ሀሩን አዲስ አበባ እሄዳለሁ ሲል ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።»

«ተጣሉ?»

«መቼ ተጣላ! ዝም አለ እንጂ። ዝምታው ነው የሚከፋው።»

ሰናይት ማታውን አልተኛችም። ነገሩ ገብቷታል። ዝም ብትል ፋይሉ በአሰግድ ስም ይሄዳል፤ ሰውየው ባልሠራው ይታሰራል። ብትናገር ደግሞ አንድ አባት የቀረችውን ሁሉ ያጣል። ሌላ መንገድ ፈለገች። የለም።

በሦስተኛው ቀን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አሰግድ ከፖሊስ ጋር መጣ፣ በሩ ጋ ቆመ። አብዱረዛቅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሷሊሕና እትዬ ከዲጃ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የተሰበረውን ፍሬም መሬት ላይ አስቀመጠችው። እናትየው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ይሄንን ሰው ለምን አመጣሽው?» አሉ ጋሽ ሷሊሕ። «በልጄ ለቅሶ ላይ?»

«ሳይገባው ነው የታሰረው። አጭር አደርገዋለሁ።» ሳንቲሙን አወጣች። ጠቅ ጠቅ አደረገች። ከዚያ ስብራቱ አፍ ላይ መታች። ዱብ። «ካርቦን ሲጎዳ እንዲህ ነው የሚለው። ዓርብ ጠዋት አሰልጣኙ ሲመታው ሁሉም ጋ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። ይሄን የሚመሰክርለት የሚጠላው ሰው ነው።»

አብዱረዛቅ አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው።»

«ስለዚህ ዕቃው ሲገዛ ደህና ነበር። የተጎዳው ከዓርብ ጠዋት በኋላ ነው። መንገድ ላይ ድንጋይ ነጥሮ ቢመታው ኖሮ ቀለሙን ይልጠው ነበር። ይሄ ቀለሙ ደህና ነው። የጎማ ጥቁረት ብቻ ነው ያለው። ሰው ነው የመታው፣ ጎማ በተጠመጠመ ነገር።»

«አብዱረዛቅ!» አሉ ጋሽ ሷሊሕ፣ ብድግ ብለው። «እሱ ጋ ነው ያደረው!»

«ይቀመጡ። እኔም እሱን አስቤው ነበር። ግን አብዱረዛቅ ካርቦንን ያውቃል። አንዴ ቢመታው እንደሚበቃ ያውቃል። የመታው ሰው ግን አያውቅም። ሦስት ጊዜ ነው የመታው፣ እዚያው ቦታ ላይ። ለምን? መጀመሪያ መትቶ አየ። ምንም የለም። ደገመ። አሁንም የለም። ሠለሰ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስርጉድ ነበር የሚጠብቀው። ሊገድል አልነበረም። ስርጉዱን ልጁ አይቶ፣ ተበላሸ ብሎ፣ ውድድሩ እንዲቀርበት ነው። እንደ ቆርቆሮ ነው ያየው። ቆርቆሮ ሲመታ ይሰረጉዳል። ካልተሰረጎደ ደህና ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ያቃና ሰው ሌላ ምን ያስባል?»

«ጋሽ ሷሊሕ» አለች፣ «ከሩቅ ነው ያየሁት አሉኝ። ሆዱ ላይ ስርጉድ የለውም አሉኝ። ግድግዳ የተደገፈ ብስክሌት ሆዱ በሩቅ አይታይም። ካልገለበጡት።»

ጋሽ ሷሊሕ መዶሻቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን።

«ጁምዓ ወጣሁ ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ» አሉ ቀስ ብለው። «በቀስታ ነው የመታሁት። ወላሂ፣ በቀስታ። እምቢ አለኝ። በእጄ ዳሰስኩት፣ ለስላሳ ነው። ‹አላህ አልፈቀደም፣ ልጁ ይሂድ› አልኩ። ደስም አለኝ። ማታ ሊወስደው ሲመጣ መረቅኩት። ‹በሰላም ግባ› አልኩት።» ወደ አሰግድ ዞሩ። «አንተን ስወነጅልህ አልዋሸሁም፣ የኔ ወንድም። ምንም አልሆነም ብዬ ነው። ምንም አልሆነም ብዬ...»

አሰግድ ካቴናው ሲፈታለት እንኳ እጁን እዚያው አንድ ላይ ይዞት ቀረ።

ጋሽ ሷሊሕ እጃቸውን ዘረጉ፣ ወደ ሰናይት። እንዲታሰሩ መስሏት ነበር። ሳንቲሙን ነው የፈለጉት። ሰጠቻቸው። መሬት ላይ ተንበረከኩ፣ የልጃቸውን ብስክሌት ደህናውን ጎን መቱ። ጠቅ። ጆሯቸውን አስጠጉ። የመቱበትን መቱ። ዱብ። እንደገና ደህናውን። እንደገና የመቱበትን። የቆርቆሮ ድምፅ ሰምተው ውፍረቱን የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ይሰማል እኮ» አሉ። «ይሄን ያህል ይሰማል እኮ ከዲጃ።»

እትዬ ከዲጃ ሻሻቸውን ከፊታቸው አነሱ። አልጮሁም። ሳንቲሙን ከጣታቸው መሃል አውጥተው ለሰናይት መለሱላት።

«እንዳይሄድብህ ነበር» አሏቸው። «ይኸው። አልሄደም።»

ፒካፑ ሲነሳ ጋሽ ሷሊሕ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ሳይታሰር። መስጊዱን አልፈው ሀሩን የተቀበረበት መቃብር አጠገብ ሲደርሱ ሾፌሩ ወደ ሰናይት ዞረ። ሁልጊዜ ፍጠን ነበር የምትለው።

«ቀስ በል» አለችው።