ውስጡ የጠቆረ ቀለህ

ኦሪን ብራንድቮልድ የሞተው ቅዳሜ ረፋድ፣ በተኩስ ሜዳችን ላይ፣ አምስተኛውን ጥይት ሲተኩስ ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ ፈነዳና የመዝጊያው ብረት በቀኝ ዓይኑ ገባ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። ነፍስ ይማር ማለት ወግ ስለሆነ እላለሁ እንጂ ሰውዬው ክፉ ነበር። ሞንታና ውስጥ በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ አይጠፋም፤ የእኛው ግን ባሰ።

ሬሳው ሳይነሣ ሸሪፉ ጥፋተኛዋን አገኘ። ከኦሪን ጠረጴዛ ሥር የተገኘው የጥይት ሣጥን ላይ «ኮሪን» የሚል ስም ተለጥፏል። ኮሪን የልጁ የዌድ ሚስት ናት። ባለፈው ወር ውድድር አማቷን በሰው ፊት አሸንፋው ነበር። እኛ ዘንድ ተኳሽ ሁሉ የተተኮሰ ቀለህ አጥቦ፣ አዲስ ባሩድ ሞልቶ መልሶ ይተኩሳል። ሣጥኑ የእሷ፣ ጥይቶቹንም የሞላችው እሷ፤ ምን ቀረ? ካቴና። ባሏ ዌድ ደግሞ በዚያው ቀን «አባቴን ትጠላው ነበር» ብሎ ፈረመባት፤ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ቴሲንም ወስዶ እናቱ ቤት አስገባት። ማክሰኞ ከሰዓት ኮሪን ዳኛ ፊት ትቀርባለች። ከዚያ በኋላ ልጇን የምታያት በእስር ቤት መስታወት ውስጥ ነው።

ምርመራው ግን ለማርሊስ ቶርግሰን ደረሳት። ማርሊስ የሸሪፉ ምክትል ናት፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ አጭር፣ ሱፍ እየፈለቀቀች ቅርፊቱን ኪሷ የምትከት ሴት። እሑድ ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ የቀሩትን አርባ ዘጠኝ ጥይቶች አንድ በአንድ ፈታታቻቸው። ከዚያ ወደ እስር ቤት ሄደች።

«ቀለህ የምታጥቢው በምንድነው?» ስትል ጠየቀች።

ኮሪን ቀና አለች። «ልጄን ወስደውብኝ አንቺ ስለ እጥበት ትጠይቂኛለሽ?»

«ልጅሽን የሚመልስልሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ተናገሪ።»

«በብረት መርፌ። ቀጫጭን መርፌ፣ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፤ ከቀለሁ ጋር ማጠቢያው በርሜል ውስጥ ሦስት ሰዓት ይሽከረከራል። የተተኮሰ ቀለህ ውስጡ ጥላሸት ነው። መርፌው እስከ ሥሩ ገብቶ ይፍቀዋል፤ ሲወጣ ውስጡም እንደ ውጩ ያበራል።»

«አማትሽስ?»

«እሱ በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ በደረቁ ነበር። ብረት ከነሐስ ጋር ከማጋጭ ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል ይላል። ቆረቆንዳ ውጩን ቅቤ የመሰለ ቢጫ ያደርገዋል፤ ውስጡን ግን አያጸዳውም። ስነግረው ‹ውስጡን ማን ያያል?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ማርሊስ ቀጥላ የሄደችው ዴል ፕሩት ዘንድ ነው። ዴል ከኦሪን ጋር በአጥር ምክንያት ሃያ ዓመት የተጣላ ጎረቤት ነው። ጋራዡ ውስጥ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ አገኘችው።

«አትደንግጪ፣ ደም አይደለም» አለ ዴል። «ቀለህ የማጸዳበት የተፈጨ የዋልነት ፍሬ ቅርፊት ነው፤ ቀይ ማወልወያ ዱቄት የተቀባ። ቆሻሻን እንደሱ የሚነቅል የለም።»

«ዱቄቱ ቀለሁ ላይ ይቀራል?»

«ብታጥቢው ብታጥቢው ሥሩ ያለችው ቀዳዳ ጥግ ላይ አይጠፋም። የእኔን ጥይት በዚያ ታውቂዋለሽ።»

«ኦሪን በመሞቱ አዘንክ?»

«ልዋሽሽ? ቅዳሜ ማታ ስቴክ ጠብሼ በላሁ።»

የኦሪን ሚስት ቨርና ወጥ ቤቷ ውስጥ ለቴሲ ፓንኬክ ትቆርስ ነበር። የግራ እጇ ሌባ ጣት ወደ ጎን ተጣሟል። የኦሪን እጅ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሲተኩስ አጠገቡ ተቀምጣ ጥይቱን አንድ በአንድ የምታቀብለው እሷ ነበረች። እሱ ዓይኑን ከጠመንጃው መነጽር ሳያነሣ መዳፉን ይዘረጋል።

«የኦሪንና የኮሪን ሣጥን አንድ ቦርሳ ውስጥ ነበር?» አለች ማርሊስ።

«አዎ። ሣጥኖቹ ይመሳሰላሉ፤ ተሳስቼ ይሆናል። አርጅቻለሁ እኮ።»

«ጣትዎን ምን ነካው?»

«የቆረቆንዳው ፍርፋሪ ቀለሁ ሥር ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ይሰነቀራል። በመርፌ የማወጣው እኔ ነኝ፤ አርባ ዓመት። አንድ ቀን አንዷን ረሳሁ፤ ጥይቱ ከሸፈበት። ጣቴን ጥይት መሙያው ማሽን ውስጥ አስገብቶ ማንሻውን ተጫነው።»

«ሐኪም አላየውም?»

«ወደ ውድድር እየሄደ ነበር። ሲመለስ ረሳው።» ይህን እያለች የቴሲን አፍ ጠረገች።

ማክሰኞ ጠዋት ማርሊስ ሁሉንም የተኩስ ክበቡ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ኮሪን በካቴና መጣች፤ ሸሪፉ ሰዓቱን ያያል። ማርሊስ ጠረጴዛው ላይ ኦሪን፣ ኮሪንና ዴል የሞሏቸውን ሃያ ያልተተኮሱ ጥይቶች ደባልቃ ዘረገፈች።

«የማን የማን እንደሆነ የሚለይልኝ አለ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ!» አለ ዴል፤ ለየና ሦስቱን ሳተ። ዌድ «ሁሉም ጥይት ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ይኼ ሰው መቼም ጉረኛ ነው» አለች ቨርና ዴልን እያየች። ጠጋ ብላ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ወደ ሦስት ቦታ ከፈለቻቸው፤ አንድም አልሳተችም። ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

«አመሰግናለሁ» አለች ማርሊስ። «እንግዲህ ስሙኝ። በኮሪን ሣጥን ከቀሩት አርባ ዘጠኝ ጥይቶች አርባ ሰባቱ ውስጣቸው ያበራል። ሁለቱ ግን ውጫቸው ቅቤ፣ ውስጣቸው ጥላሸት ነው፤ የተሞሉትም ጠመንጃ በሚያፈነዳ ባሩድ ነው። አንደኛው ሥር የቆረቆንዳ ፍርፋሪ አገኘሁ። ኮሪን ቆረቆንዳ የላትም። የዴል ቢሆን ቀይ ዱቄት ይኖረው ነበር። ዌድ ጥይት ሞልቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ማነው የሞላው?» አለ ሸሪፉ።

«ኦሪን። ከእሱ ቀጥላ የምትተኩሰው ኮሪን ነበረች። ሣጥኗ ውስጥ ሦስት ሞት ደባለቀባት፤ ስለተሸነፈ።»

ዌድ ከወንበሩ ተነሣ። «አባቴን እንዲህ አትበይ!»

«ቁጭ በል፤ ገና ነኝ። የመጀመሪያዎቹ አራት ጥይቶች ከራሱ ሣጥን ነው የወጡት፤ እዚያ አርባ ስድስት ቀርተዋል። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ያንን ዘግቶ የኮሪንን ከፈተ፤ ከሃምሳው መካከልም ከሦስቱ አንዷን አነሣ። ሰው ሣጥን ይሳሳታል። ግን የተሳሳተ እጅ ከሃምሳ ውስጥ በአንድ አፍታ የኦሪንን ሥራ ለይቶ ያነሣል? ኮሪን ያን ጊዜ ከዴል ጋር ዒላማ እያነሣች፣ ከሜዳው ማዶ መከለያ ጉድጓዱ ውስጥ ነበረች። ኦሪን አጠገብ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አሁን ሃያውንም ለየልኝ።»

ሁሉም ወደ ቨርና ዞረ። ቨርና አልደነገጠችም።

«ሐሙስ ዕለት ቀዳዳ እንድጠርግለት ከሃምሳው በላይ ሦስት ቀለህ ጨመረልኝ» አለች። «በኋላ የኮሪንን ሣጥን ሲከፍት አየሁት። እያፏጨ ነበር።»

«አውጥተው መጣል ይችሉ ነበር» አለች ማርሊስ።

«የሰው ንብረት እንዴት እጥላለሁ? ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ዘርግቷል። ሰጠሁት።»

«እማማ፣» አለች ኮሪን። «እኔ ስታሰር እያዩ ዝም አሉ?»

«ነፍስሽን አተረፍኩልሽ፤ ብትታሰሪስ? በዚያ ላይ ቴሲ ከእኔ ጋር ደስ ብሏታል።»

ማርሊስ ካቴናውን ከኮሪን እጅ ፈትታ ቨርና እጅ ላይ አሰረችው። ቨርና ስትወጣ ልጇን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ዌድ ወደ ሚስቱ መጣ፤ እያለቀሰ ነበር።

«ኮሪኔ፣ ይቅር በይኝ። እኔ እኮ ግራ ገብቶኝ ነው…»

«ፊርማህን አሳይተውኛል፣ ዌድ» አለችው። «እጅህ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

የመኪናውን ቁልፍ ከደረት ኪሱ አወጣችና ቴሲን ልታመጣ ሄደች።