ጀበና የሌለበት ቤት

ሳጂዳ ኩሽና ቆማ ጣሳውን ገልብጣ አራገፈችው። ምንም አልወጣም። ዓይኗን አስጠግታ አየች፤ አላመነችም፣ ጣቷን አስገብታ ዳበሰች። ረቡዕ ዕለት እዚህ ጣሳ ውስጥ አንዲት ካፕሱል ነበረች። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ጣሳው ባዶ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሦስት የክፍሏ ልጆች ማኪያቶ ይጠብቃሉ።

ካፕሱል ሲባል የመድኃኒቱ አይደለም። ሆስቴስ የሆነችው አክስቷ ሐሚዳ ከሁለት ወር በፊት ከፍራንክፈርት ባመጣችው የቡና ማሽን ውስጥ የምትገባ፣ ከጠርሙስ ቆርኪ ትንሽ ከፍ የምትል የአሉሚኒየም ዕቃ ናት። የተፈጨ ቡና ታሽጎባታል። እሷን ከተው ቁልፉን ሲጫኑት ቡናው ይንቆረቆራል፤ በጎን ባለው ቱቦ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ወተቱን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል። ገርጂ ቤታቸው ቁጭ ብለው የካፌ ማኪያቶ መጠጣት ማለት ነው።

ችግሩ ከማሽኑ ጋር የመጡት ካፕሱሎች ዐሥር ብቻ መሆናቸው ነው። በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባን እግር እስኪቀጥን ቢያስሷት ዐሥራ አንደኛዋ አትገኝም። ኦሎምፒያ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው አባቷ አብዱልገኒ በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ እየጠራ ዘጠኙን ጨረሳቸው። አንድ ካፕሱል አንዴ ብቻ ተጠቅሞ መጣል ሐራም ነው ባይ ነው። ስለዚህ አቦሉን ለእንግዳ፣ ቶናውን ለራሱ፣ በረካውን ለእናቷ ያወጣ ነበር። የካፕሱል በረካ ቀለሙ የጎርፍ ውሃ ይመስላል። እናቷ አንዴ ቀምሳ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወደ ጀበናዋ ተመለሰች። ማሽኑም ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቡፌው ላይ ተቀመጠ።

ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ እንዳለ መናገር ይቻል ነበር። ግን አንድ ሰኞ ጠዋት ቶሚ ከአጎቱ ጋር ቦሌ መንገድ ካፌ ገብቶ ስለጠጣው ማኪያቶ እያወራ ዘጠነኛ ሐን ሲያስጎመጅ፣ ሳጂዳ አላስችል አላት። እኛ ቤት ማኪያቶ በየቀኑ ነው አለች። ልጆቹ ሳቁ። ሲስቁባት ጊዜ ጨመረችበት፤ ጠዋትም ማታም እንደሚጠጡ፣ ቁልፍ መጫን ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። ቶሚ አቦ አትፎግሪ ሲላት ጭራሹን ባሰባት።

«ጀበና ራሱ የለንም» አለች። «ጥለነዋል። በዚህ ዘመን ማን ጀበና ይጥዳል?»

የልብ ጓደኛዋ ሳና ማሽኑ የመጣ ሰሞን አንድ ስኒ ደርሷት ስለነበር፣ ማኪያቶው እውነት ነው ብላ ወላሂ አለችላት። ስለ ጀበናው ግን ዝም አለች። ቶሚም በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አለ። ይኸው ሊያይ መጥቷል፤ ማሞንም ጎትቶ አምጥቶታል።

ሳጂዳን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃት ማሞን ማየት ነው። ማሞ ሰባተኛ ክፍል ሳለ፣ አባቱ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚሠራ፣ አውሮፕላን አብርሬያለሁ ብሎ ዋሸ። ተነቃበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ፓይለቱ» ነው። አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ ስም ሲጠሩ ይሳሳታሉ። ሳጂዳ ዛሬ ከተነቃባት ሰኞ ምን ተብላ እንደምትጠራ ይታያታል። «ካፕሱል» ነው የሚሏት፣ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ። የማለችላት ሳናም አብራ ጉድ ትሆናለች።

ያሰበችው በዚያች በቀረችው ካፕሱል እንደ አባቷ ሦስት ዙር ለማውጣት ነበር። አቦሉን ለቶሚ፣ ቶናውን ለማሞ፣ በረካውን ለሳና፤ ሳና ጓደኛ ናት፣ ትችለዋለች። አሁን ግን አቦሉም የለም። ያገለገሉትን ካፕሱሎች በዓይኗ ፈለገች። እናቷ አጥባ፣ አፈር ሞልታ፣ የበሶብላ ዘር ዘርታባቸው መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ሁለቱ በቅለዋል።

በዚህ መሃል የጓሮው በር ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ አሰገደች ናቸው። ሁለት ላሞች ስላሏቸው የሰፈሩን ወተት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ወተቱን ለሳጂዳ አቀበሏትና እናቷን መረቁላት።

«ያ የሰጠችኝ ካፕሱል እኮ ፍቱን ነው ልጄ» አሉ። «ለመዋጥ ትልቅ ሆነብኝ እንጂ። በቢላ ቀድጄ ግማሹን ሐሙስ፣ ግማሹን ትናንት በውሃ አወራረድኩት። ራስ ምታቱ ድራሹ ጠፋ። እንቅልፌንም ይዞት ሄደ እንጂ።»

እትዬ አሰገደች ለጉልበት የሚሆን ሌላ ካለም እንዳትረሳቸው አደራ ብለዋት ሄዱ።

ምድጃው አጠገብ የነበረችው እናቷ ዘሃራ ሁሉንም ሰምታለች። ሴትዮዋ ራሴን ራሴን ሲሉ፣ ቡና ራስ ምታት ያስታግሳል ብላ መስጠቷን ነገረቻት። አፍልተው ይጠጡታል እንጂ እንደ መድኃኒት ይወስዱታል ብላ አላሰበችም። የመጨረሻዋ መሆኗንም አላወቀችም። ሳጂዳ ባዶውን ጣሳ ገልብጣ አሳየቻት። እናቷ ስለ ውሸቱ አንዳች የሰማችው ነገር የለም፤ የገባት እንግዳ ተጠርቶ የሚቀርብ ነገር መጥፋቱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ደሴ ተወልዳ ላደገች ሴት ቀላል ነገር አይደለም። ምድጃው ላይ ለራሷ የጣደችው ጀበና ይንተከተካል።

«ማሽኑ ወተቱን ያፍላ» አለች። «ለቡናው እኔ አለሁ።»

ሳጂዳ ሳሎን ሄዳ ማሽኑን ከነዳንቴሉ እንደ ሕፃን አቅፋ ልትወጣ ስትል፣ ቶሚ ሲሠራ ለማየት ነው የመጣሁት ብሎ ተነሳ። የሳሎኑ ሶኬት እንደማይችለው ነገረችው። እንፋሎቱም ዓይን ያጠፋል፣ አክስቴ አስጠንቅቃናለች አለችው። ቶሚ ለዓይኑ ሳስቶ ተቀመጠ።

ኩሽና ገብታ ቁልፉን ተጫነችው። ማሽኑ ካፕሱል ስለሌለበት ይብስ አጓራ፤ ከጣሪያቸው በላይ ዝቅ ብለው የሚያልፉትን አውሮፕላኖች ያስንቅ ነበር። በዚያ ጩኸት መሃል እናቷ ከጀበናው በሦስት ትንንሽ ብርጭቆዎች ግማሽ ግማሽ ቀዳች። ሳጂዳ ወተቱን ከቱቦው ሥር ያዘች። የመጀመሪያው ወተት ግድግዳው ላይ ቀረ። የሁለተኛው ግማሹ ቀሚሷ ላይ፣ ግማሹ የእናቷ ሻሽ ላይ አረፈ። እናቷ ፊቷን እየጠረገች በሳቅ ፈረሰች፤ ሳጂዳም ጭንቀቷን ረስታ ሳቀች። በሦስተኛው ቱቦውን ጠለቅ አድርጋ ያዘችው። ወተቱ ተነፋ፣ ወፈረ፣ ነጭ አረፋ ሆኖ ቡናው ላይ ተኛ።

ቶሚ አንዴ ፉት አለ። ደግሞ ፉት አለ። ከከንፈሩ በላይ ነጭ ሪዝ በቀለ።

«ነፍስ ነው» አለ። «ከካፌው ይበልጣል። ልጅቷ እውነቷን ነው።»

ማሞ ሽታው ግን የቤት ቡና ሽታ ነው ብሎ ነበር፤ ቶሚ ፓይለት ስለ ቡና ምን ያውቃል ብሎ አፉን አስያዘው። ሳና ቀና ብላ ተቀመጠች፤ መሐላዋ ተርፏል። ሳጂዳም ደስ አላት። ሰኞ ስሟ ሳጂዳ ነው።

እናቷ ቆሎ በሳህን ይዛ ስትገባ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ቶሚ ለነገሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ማመስገን ያውቃል።

«እትዬ፣ ማሽን ማሽን ነው» አላት። «የጀበና ቡና እንዲህ አይጥምም። ሳጂዳ ነግራናለች፤ ጀበናውን በመጣልዎ ጥሩ አደረጉ።»

እናቷ ሳጂዳን አየቻት። ሳጂዳ ዓይኗን ስትሰብር ነው የእናቷን ግራ እጅ ያየችው፤ በጥድፊያው የጀበናውን አፍ የሚደፍነውን ውታፍ እንደያዘች ነበር የመጣችው። እናቷ ጣቶቿን አጠፈችና ውታፉን መዳፏ ውስጥ ደበቀችው።

«አዎ ልጄ» አለች። «ጀበና ካየን ቆየን።»

ይህች ሴት አሟት ሲውል እንኳ «ደህና ነኝ» ማለት እንደ ውሸት የሚከብዳት ሴት ናት። ሳጂዳ አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሰኞ የሚወጣላት ስም ትዝም አላላት። እናቷ እሷን ከጓደኞቿ ፊት ላለማዋረድ ብላ፣ በገዛ እጇ ያፈላችውን ቡና አላፈላሁም አለች። ሻሿ ላይ የተረጨው ወተት እንኳ ገና አልደረቀም።

እናቷ ሳህኑን አስቀምጣ ልትወጣ ዞር አለች።

«ቆይ እማዬ» አለች ሳጂዳ።

ኩሽና ገብታ የጀበናውን እጀታ በጨርቅ ያዘች። ገና ግማሹ አለ። የሳሎኑ በር ላይ ስትደርስ አንዴ ቆመች፤ እስካሁን መመለስ ይቻላል። ገባችና ጀበናውን ቡፌው ላይ፣ ማሽኑ በነበረበት ቦታ አስቀመጠችው።

ቶሚ ጀበናውን አየ። ብርጭቆውን አየ። ጀበናውን ደግሞ አየ።

«ማሽኑ ያፈላው ወተቱን ነው» አለች ሳጂዳ። «ቡናው የእማዬ ነው። ጀበናም ጥለን አናውቅም። የቀረችውን አንዲት ካፕሱል ጎረቤታችን ለራስ ምታት ወስደዋታል።»

ሳና ሳቋ አመለጣት። የቶሚም ፊት ቀስ በቀስ እየፈካ ሄደ፤ አፉ ላይ አንድ ቃል ስትመጣ ታየቻት። ሳጂዳ ቃሏን አወቀቻት፤ «ጀበና» ናት። ከ«ካፕሱል» ትሻላለች ብላ አሰበች።

ቶሚ ሳይናገራት ማሞ ባዶ ብርጭቆውን ዘረጋ።

«ለፓይለቱ ቶና» አለ።

ሳጂዳ ልትቀዳለት ጀበናውን አነሳች። እናቷ መዳፏን ከፍታ ውታፉን ቡፌው ላይ አስቀመጠችና፣ ለራሷና ለልጇ ብርጭቆ ልታመጣ ወጣች።