ሰባት ስኒ ሻይ

ሰው ሻይ ጠጣ ተብሎ ይከሰሳል? ይከሰሳል እንጂ! በ1978 ዓ.ም. ጉርድ ሾላ ላይ አፀደና ዋቅቶላ ተከሰዋል።

ሁለቱም የአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ እሷ የውሃ መርማሪ፣ እሱ የመቆፈሪያ ማሽን መካኒክ። በግቢው ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጤና ይስጥልኝ» ተባብለው ከመተላለፍ በቀር ወሬ አልነበራቸውም። ከሌሎች አራት ሠራተኞች ጋር ለሦስት ወር ሥልጠና ጃፓን ተላኩ። የቡድኑ መሪ ጓድ ገረመው ነበር፤ የሁሉንም ፓስፖርት ሰብስቦ በቦርሳው የያዘ፣ ሰው ሽንት ቤት ቢቆይ ሰዓቱን የሚያይ ሰው።

አንድ ቀን የገጠር ጉድጓድ ጎብኝተው ሲመለሱ፣ አውቶቡሳቸው በሩዝ ማሳዎች መሃል ካለች የመንገድ ዳር ማረፊያ ቆመ። ነጂው አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጣቸው። ዝናቡ ያካፋል። ሌሎቹ ደጅ ሲያጨሱ አፀደና ዋቅቶላ ብርዱን ሽሽት ወደ ውስጥ ገቡ። ከበሩ አጠገብ ገበሬዎች ያመጡት ክንድ የሚያህል ነጭ ካሮት መሳይ ነገር ተደርድሯል። አንዲት ጎበጥ ያሉ አሮጊት ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱና በሁለት እጃቸው አረንጓዴ ሻይ አቀረቡላቸው።

ዋቅቶላ ቀመስ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ሻይ ነው ኮሶ?»

«ዝም ብለህ ጠጣ! ሴትዮዋ እያዩን ነው።»

አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ በቀር፣ ትልቅ ሰው በእጁ የሰጠውን ማን ያስተርፋል? ጨለጡት። አሮጊቷ ባዶውን ስኒ አይተው ሞሉት። ጨለጡት። ደግመው ሞሉት። በአራተኛው ላይ አፀደ ሳቋ አመለጣት።

«‹በሞቴ› እንኳ ሳይሉ በሻይ ገደሉን!»

ዋቅቶላም ሳቀ። ይህ ሰው ሲስቅ እንዲህ እንደሚያምር ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቀችም ነበር። ስለ ነቀምቴ ልጅነቱ ነገራት፤ ስለ እናቷ ነገረችው። ስኒው በተሞላ ቁጥር ወሬያቸውም ይቀጥላል።

ሰባተኛውን ጨልጠው ሲወጡ አውቶቡሱ የለም።

ጓድ ገረመው ለአንዴው ሰው ሳይቆጥር ሄዶ ኖሮ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ አውቶቡሱን አስመልሶ ላቡን እየጠረገ መጣ። «ልትኮበልሉ ኖሯል!» ብሎ ጮኸባቸው። ዋቅቶላ «ፓስፖርታችን እኮ አንተ ቦርሳ ውስጥ ነው» ቢለው ማን ሰምቶት።

አዲስ አበባ እንደገቡ ነገራቸው ለሂስና ግለሂስ ተቀጠረ። ያ እንግዲህ ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት ቆሞ ጥፋትን መናዘዝ ነው። ዋቅቶላ ለእሷ እንዳይተርፋት ብሎ ግቢ ውስጥ ሲያያት መንገድ ይቀይር ጀመር። አፀደን ከክሱ ይልቅ ያበሸቃት ይኸው ነው።

ከስብሰባው በፊት በነበረው እሑድ ጓድ ገረመው ወረቀት ይዞ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደሚገኘው ቤቷ መጣ።

«‹እንኮብልል ብሎ አባበለኝ› ይላል። ፈርሚና ነፃ ውጪ።»

«እሱስ?»

«እሱ የራሱን ይወጣል።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት የተፈረመበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ማንም አያጣውም። ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እሱ ወጥቶ ገና በሩ ሳይዘጋ እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ክንዷን ጨበጧት።

«ባጠባሁሽ ጡቴ ይዤሻለሁ፣ ፈርሚ! ለማታውቂው ሰው ብለሽ ልታልቂ ነው?»

«አውቀዋለሁ፣ እማዬ።»

«በሰባት ስኒ ሻይ?»

«በሰባት ስኒ ሻይ!»

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ጓድ ገረመው ከመድረኩ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ።

«ጓድ አፀደ፣ ወረቀትሽን አንብቢ።»

ተነሳች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችና ሰው ሁሉ እያየ ለሁለት ቀደደችው።

«ይሄንን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ግለሂስ አይደል የተባለው? ላድርግ። እስካሁን ሻይ ስንጠጣ አውቶቡሱ አመለጠን ስል ነበር። ውሸቴን ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አይቼዋለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ! መኮብለል ያማረው ሰው ይሮጣል እንጂ ሻይ ሲጠጣ አይገኝም። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ትንሽ መቀመጥ ፈለግሁ። ወደድኩት! ጥፋቴ ይኸው ነው፤ አልጸጸትበትምም!»

ከኋላ የተቀመጡት የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ጥሩነሽ እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ጸጥታ!» ጓድ ገረመው ጠረጴዛውን ደበደበ። «ጓድ ዋቅቶላ! አንተስ ምን ትላለህ?»

ዋቅቶላ ድንገት ብድግ ሲል ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። ወደ መድረኩ አላየም። ስንት ቀን የሸሸውን የአፀደን ዓይን ፊት ለፊት አየው።

«እኔም አይቼዋለሁ። እንዲያውም ከእሷ በፊት።»

አሁንስ እማማ ጥሩነሽን የሚይዛቸው ጠፋ። እልልታው ሲቀልጥ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳ ፊቱን በመዝገብ ሸፈነ። ይህን ያህል ሰው የሳቀበትን ጉዳይ ክህደት ብሎ ለበላይ አካል መጻፍ ጓድ ገረመውንም አሳፈረው። ሁለቱም ዳግመኛ ውጭ አገር እንዳይላኩ፣ ዋቅቶላም ወደ ጎዴ በረሃ እንዲዛወር ተወሰነ።

አፀደ በማግስቱ ጠዋት ማመልከቻዋን አስገባች። «የጎዴም ውሃ መርማሪ ያስፈልገዋል» ይላል። ወይዘሮ የሺመቤት አልቅሰው ሲያበቁ የሠርጉን ድግስ ጠነሰሱ።

ከዓመታት በኋላ ጎዴ የመጣ ጃፓናዊ መሐንዲስ ታሪኩን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በእነሱ አገር «በቃኝ» ያለ እንግዳ ስኒውን ሙሉውን ትቶት ይነሳል አላቸው፤ ባዶ ስኒማ ቅዱልኝ ማለት ነው።

«አየሽ?» አለ ዋቅቶላ፤ «ይሄን ብናውቅ አውቶቡሱ ባላመለጠን።»

አፀደ የያዘችውን ሻይ ባንዴ ጨለጠችው።

«ባውቅም እጨልጠው ነበር» አለችና ባዶውን ስኒ ዘረጋችለት።