ኑርዛዳ የራሷን በር ታንኳኳለች

ይህ ተረት አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ ግን በዓይኔ ነው ያየሁት።

ባለፈው ሰኔ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እዚህ ኪርጊዝስታን፣ ኦሽ ከተማ መሃል፣ አዲሱ ሕንፃ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ስሜ ሳይራ ነው። ኑርዛዳ የባሌ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ያያት ሰው የለም። በሩ ሲሰበር ቁልፉ ከውስጥ በኩል ተሰክቶ ነበር።

እውነቱን ልናገር... ቀንቼባት ነበር።

እኔ ተራራው ሥር፣ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ከአማቴ ጋር ነው የምኖረው። ብርድ በመጣ ቁጥር የድንጋይ ከሰል እሸከማለሁ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው።

እሷ ግን ቧንቧ ስትከፍት ሙቅ ውሃ ይወርድላታል። ወለሉ እንኳን ይሞቃል።

አሁን ከተማችን ውስጥ የሰው ሁሉ ምኞት ግቢውን ሸጦ መሃል ከተማ ፎቅ ላይ መውጣት ነው። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ወሬው ይኸው ነው። አማቴ "የኑርዛዳ ቤት እኮ..." ብላ ስትጀምር ስኒዬን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ፎቁ ላይ ከወጣች አምስት ወር ሙሉ አልሄድኩላትም። የዚያን ቀን ራሷ ደወለች።

"እትዬ... ዛሬ ብቻ ነይልኝ።"

ልትኮራብኝ ነው አልኩ። ሄድኩ።

በሩን በትንሹ ከፈተችው። በጣም ከስታለች።

"ቀስ ብለሽ ግቢ።"

"ምነው?"

"ተኝተዋል።"

ባሏ ታላንት ሩሲያ ነው የሚሠራው። ልጅ የላቸውም።

"እነማን ናቸው የተኙት?"

በሩን ከኋላዬ በቀስታ ዘጋችው።

ቤቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ... ኩሽናው ነጭ፣ መስኮቱ እስከ ወለል የሚደርስ። እኔ ከሥሩ አንጋጥጬ የማየው ተራራ እሷ ቤት ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል።

ጠረጴዛው ላይ ዳቦና የአፕሪኮት ማርማላታ ነበር። ሻይ ደግሞ... በስድስት ስኒ ተቀድቷል።

እኛ ሁለት ነን።

ኑርዛዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሊለምን እንደመጣ እንግዳ።

"እስቲ መኝታ ቤትሽን አሳዪኝ" አልኳት።

ተነስታ ሄደች። የራሷን መኝታ ቤት በር... አንኳኳች።

ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች።

"አሁን አይሆንም አሉ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ኩራት ነው? ላለማሳየት ነው?"

እጄን ያዘችው። በዚያ ሙቀት እጇ በረዶ ነበር።

"እትዬ... ይዘሽኝ ሂጂ። እናንተ ጋ ምድጃው ሥር ልተኛ። ከሰሉን እኔ እሸከምልሻለሁ።"

"ከዚህ ቤት ወጥተሽ? አትቀልጂብኝ።"

"አንቺ እኮ ቤትሽ ነው የምታድሪው።"

"ይሄስ ያንቺ አይደለም?"

"እኔም መስሎኝ ነበር።"

"ነይ" ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን የታየችኝ አማቴ ናት... ይቺን ስታቅፍ፣ ለዚቺ ፍራሽ ስታነጥፍ።

"ፎቁም ያንቺ፣ አማታችንም ያንቺ? አይበዛብሽም?" አልኳት።

እጄን ለቀቀችው።

"እሺ" አለች።

ያኔ ነው ወደ ጠረጴዛው የዞርኩት። የእኔና የእሷ ስኒ እንደሞላ ነው።

አራቱ... ጎድለዋል።

ከመኝታ ቤቱ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የአሮጊት ድምፅ ነው። ምራት ሥራዋን ስትረሳ አማት እንደምታደርገው።

ኑርዛዳ ተስፈንጥራ ተነሳች።

"መጣሁ" አለች።

ለእኔ አልነበረም።

ሊፍት አልጠበቅኩም። አሥራ ሁለቱን ፎቅ በደረጃ ወረድኩ። መንገዱን ተሻግሬ ቀና ብዬ አየሁ።

ኑርዛዳ በረንዳው ላይ ቆማ በሁለት እጇ ትጠራኛለች።

ከኋላዋ አራት ሰዎች ቆመዋል። ለብሰው፣ ተስተካክለው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ቤተሰብ ተጠጋግተው።

ነጭ ሻሽ ያሰረች አሮጊት የኑርዛዳን እጆች ያዘች። በቀስታ... ወደ ታች አወረደቻቸው። ከዚያ ፀጉሯን ደባበሰችላት።

ኑርዛዳ ራሷን አሮጊቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

እኔ ለባሌ ቤተሰብ ከተዳርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አማቴ አንድ ቀን ፀጉሬን ነክታው አታውቅም።

እና... ይቅር በሉኝ... ያኔም ቀናሁ።

አሮጊቷ የሰማችኝ ይመስል ቁልቁል አየችኝ።

ሰዎቹ ትንሽ... ጠጋ ጠጋ አሉ። መሃላቸው፣ ኑርዛዳ አጠገብ፣ የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ።