የካልሲው ምልክት

ጉልላት ለጃንሆይ የዘውድ በዓል ሰልፍ ሲለማመድ ውሎ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልቅ ምልክት ትቶ ነበር። ምልክቱ ጠዋትም አልጠፋም። እህቱ ሰብሌ አየችው።

«እግርህ አብጧል እንዴ?»

«ወፍሬ ነው ባክሽ! ነርስ መሆን አማረሽ?»

ስቃ ተወችው። ያኔ ጥቅምት ነበር። በታኅሣሥ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሆስፒታል ተኛ።

ዛሬ ዶክተር ኃይለመስቀል አባቷንና ሰብሌን ጠርቶ አነጋገራቸው።

«ጉበቱ ውስጥ መዳብ የሚያጠራቅም በሽታ ነው የጠረጠርኩት። ከእናትም ከአባትም በዘር ይወረሳል። ወላጆች ዘመዳሞች ሲሆኑ ይበልጥ ያጋጥማል። አቶ ፈቀደ፣ ከባለቤትዎ ጋር ዝምድና አላችሁ? ካላችሁ ጥርጣሬዬ ይጠናከራል፤ ሰብሌንም ቶሎ መመርመር አለብን። መድኃኒቱ ሳይታመሙ ሲጀመር ነው ደኅና የሚሠራው።»

«በፍጹም! ሰባት ቤት አስቆጥረን ነው የተጋባነው» አለ አባቷ።

ሰብሌ መሬት መሬቱን አየች። ተሻለች የምትባለው አክስቷ አንድ ቀን ስለ እናቷና ስለ አባቷ አያቶች ሌላ ነገር ሹክ ብላታለች።

አባቷ ጉልላት ዘንድ ሊያድር ቀረ። ሰብሌ በአውቶቡስ ኮልፌ ደርሳ የሆነውን ለእናቷ ለወይዘሮ ሸዋገነት ነገረቻት።

«ነገ ምሳውን ስታደርሺ ዶክተሩ ቢጠይቅሽ፣ አላውቅም በይ።»

«ለምን እማዬ?»

«የንስሐ አባታችን ቢሰሙስ? ጎረቤቱስ? ልጃቸውን በኃጢአታቸው በሉት ይሉናል።»

ሰብሌ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የትምህርት ቤት ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ለቀቀችው። ቆዳው ወዲያው ሞላ።

እናቷ ድስት እንደያዘች ቆማ ታያት ነበር።

«የሱም መጀመሪያ እንዲህ ነበር?»

«እንጃ። እኔ ያየሁት ካበጠ በኋላ ነው።»

ድስቱ ቀስ ብሎ መሬት ተቀመጠ።

ሰብሌ ደብተሯን ገለጠች። «ያንቺ ሴት አያት ስማቸው ማን ነበር? ነገ ለዶክተሩ ይዤለት እሄዳለሁ። ካልነገርሽኝ አክስቴን እጠይቃለሁ።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ወደ ደጅ ብቅ ብላ ግራና ቀኙን አየች። ተመለሰችና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ወለተጻድቅ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «የአባትሽ ሴት አያት ደግሞ ጥሩሰው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሦስት ቤት ነው። አዋቂዎቹ ነበሩ የቆጠሩልን፤ እኛም ዝም አልን።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችና መቀርቀሪያውን ወረወረችው።