በጠርሙሱ ውስጥ ያልነበረው

ብረት እጅ የሚሉት የፑል ሻምፒዮን የተገኘው በፑል ቤቱ የጓሮ ክፍል፣ በሽቦ አልጋውና በግድግዳው መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ራስጌው ላይ እስከ ግማሹ የጎደለ የኮኛክ ጠርሙስ ተቀምጧል። የፍጻሜው ጨዋታ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ዋንጫውን የሚነጥቀው ጠፍቶ የኖረ ሰው ግጥሚያው ሳይጀመር ተሸነፈ።

መርማሪዋ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ጠበቃት።

«ሚስቱ ናት» አሉ የሟቹ እናት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «መጠጡ ከቤት የመጣ ነው። የላከችለት እሷ ናት። በመርዝ ነው ልጄን የጨረሰችው።»

ሚስቲቱ በሩ ጥግ ቆማለች። ወንበር የሰጣት የለም። እናትየው ገና በማለዳው የልጅ ልጃቸውን ከቤቷ አስወጥተው ወስደዋታል፤ ነፍሰ ገዳይ ልጅ አታሳድግም፣ ከእንግዲህ ዓይኗንም አታይም ብለው በሰው ፊት ምለዋል። ሚስቲቱ ለባሏ ማልቀሻ ጊዜ ያገኘች አትመስልም። ልቧ ያለው ልጅቷ ዘንድ ነው።

መርማሪዋ ጡረታዋ የተቃረበ፣ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ሰው አታባብልም፣ ብታባብልም አያምርባትም። በክፍሉ ያሉት ሁሉ በጎሪጥ ሲያይዋት አልደነቃትም፤ እሷም ገና ስትገባ አልወደደቻቸውም ነበር። ቁጢጥ ብላ ሟቹን አየችው። ግንባሩ የአልጋውን ብረት መትቷል። ምላሱ ክፉኛ ተነክሷል። ፍራሹ ውሃ የተደፋበት ይመስል በላብ ርሷል። ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች፣ ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቀለች፣ መልሳ ከደነችው። ጠርሙሱ ላይ ከላይ እስከ ታች በቀይ የጥፍር ቀለም አግድም የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ።

«ላቦራቶሪ ይሂድ» አለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ታናሽ ወንድሙን ነው። ወንድምየው የታላቁ ተጠባባቂ ነበር፤ ብረት እጅ ቢታመም የሚገባው እሱ ነው፣ ብረት እጅ ግን ታሞ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ፣ የተተኮሰ ነጭ የግጥሚያ ሸሚዝ ለብሶ፣ ስቲኩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ይህ መርማሪዋን ከነከናት። ፑል ተጫዋች ለስቲኩ ከሚስቱ ይልቅ ይሳሳል፤ በሸሚዝ አይጠርገውም፣ መወልወያ ቆዳ አለው።

«ቆዳህ የት ሄደ?»

«ጠፋብኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። ከዚያ ያልተጠየቀውን መናገር ጀመረ። ሳምንቱን ሙሉ ከወንድሙ አልተለየም፤ በዚህ ቤት ልማድ ተጫዋች በውድድር ሳምንት የሚያድረው እዚሁ ነው፣ ሚስትም ደጃፉን አትረግጥም። ታላቁ ደህና ነበር፣ እንደ ወትሮው ይጠጣ ነበር።

«ትናንት ጠዋት ፊቴ አንድ ብርጭቆ ጠጣ» አለ። «ወዲያው እጁ ረጋ። ከዚያ ኳሶቹን በሙሉ አስገብቶ ጠረጴዛውን ጠራርጎ አጸዳው። እሱ እንዲህ ነው። ሳይጠጣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠጣ ብረት ነው።»

በዚያ ቤት ይህን የማይል የለም። አንዷን ብርጭቆ «ማርጊያ» ይሏታል፤ ከግጥሚያ በፊት ትጠጣለች፣ እጅ ታረጋለች፣ ኳሱም ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ማርጊያዋ ዘንድሮ አንድ ከሆነች ለከርሞ ሁለት እንደምትሆን፣ መንቀጥቀጡንም ያመጣችው ራሷ መሆኗን ግን አንዳቸውም አይናገሩም። ብረት እጅ በመጨረሻ ጠርሙስ ካልጨረሰ ሸሚዙን መቆለፍ አይችልም ነበር።

ባለ ፑል ቤቱ ወፍራምና ግልፍተኛ ሰው ነው። ቤቴ ስሙ ጠፋ ከማለት ሌላ ወሬ የለውም። መርማሪዋ ሲለፈልፍ ትታው አዳራሹን ዞረች። ሁሉም ጠረጴዛዎች ተገልጠው ሳለ መሃለኛው ብቻ ሸራ ለብሷል።

«እሱን ተዪው!» አለ ሰውየው።

ሸራውን ገለጠችው። አረንጓዴው ጨርቅ በረጅሙ ተተልትሏል። ነጩን ኳስ የሳተ ስቲክ ያረሰው ነው።

«ማን ነው የቀደደው?»

ባለቤቱ ፊቱ ደም መሰለ። «እሱ ነዋ! ትናንት ረፋድ ላይ። ጀማሪ እንኳ እንዲህ አይቀድም። ሻምፒዮን በዋዜማው ጨርቅ ቀደደ ተብሎ እንዳይወራ ሸፈንኩት።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ሌላም ነገር ተናገረ። ሳምንቱን ሙሉ ብረት እጅ ከመጠጥ መሸጫው አንድም ነገር አላዘዘም። በነጻ ቀድቶ ቢሰጠው እንኳ ፊቱን አዞረበት። ያኮረፈው መስሎት እሱም አኮረፈው።

ቀጮ የሚሉት ተቀናቃኙ ውጭ በረንዳው ላይ ሲጋራውን ያቦናል። ፍጻሜውን ከብረት እጅ ጋር ሊጋጠም የነበረው እሱ ነው። ብረት እጅ ባለፈው ዓመት በሰው ሁሉ ፊት ያፌዘበትን አልረሳም፤ አልረሳሁምም አለ። ትናንት በመስኮት አጮልቆ ሲያየው ጠረጴዛው ላይ ያሳረፈው ግራ እጁ አልቆም ብሎት፣ ልጅ የሚመታውን ኳስ ስቲኩን በማስደገፊያ እንጨት አስደግፎ ሲመታ አይቶ በሳቅ ፈርሷል።

«ሞቱ ደስ ብሎሃል ማለት ነው?»

«ምን ደስ ይለኛል?» አለ ቀጮ፣ ሲጋራውን ረግጦ። «በቁሙ ነበር ላዋርደው የፈለግኩት። ይኸው አመለጠኝ።»

መርማሪዋ ከሰማችው ሁሉ ይህን አመነችው። እንዲህ ያለ ክፋት ለውሸት ተብሎ አይፈጠርም።

ሚስቲቱን መጨረሻ አነጋገረቻት። ባሏን ሐኪም ቤት የወሰደችው እሷ ናት፤ እሱ ግን «እኔ አልታመምኩም» ብሎ ኮሪደር ላይ ቀረ። የገቡት እሷና ታናሽ ወንድሙ ናቸው። ሐኪሙ ለሁለቱም አስረግጦ ነገራቸው፤ በአንዴ እንዳያቆም፣ መጠጥ የለመደ ሰውነት ድንገት ሲከለከል ይንፈራገጣል፣ ይሞታልም፤ ቀስ እያሉ ይቀንሱለት። እሱ የሐኪም ነገር ሲነሳ ስለማይሰማ፣ እሷ ራሷ እየለካች መቀነስ ጀመረች።

«መስመሮቹ የአንቺ ናቸው?»

«የጥፍር ቀለሜ ነው። አንድ ቀን አንድ መስመር። መግባት ስለማይፈቀድልኝ ጠርሙሱን ለታናሽየው ሰጥቼ፣ ከመስመሩ እንዳታሳልፈው፣ ከመስመሩም እንዳታጎድልበት ብዬ ለምኜዋለሁ።» ከዚያ የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «ስለ እኔ የፈለጉትን ይበሉ። ልጄን ግን አስመልሺልኝ፣ እህቴ።»

መርማሪዋ ምንም ቃል አልገባችላትም። ወደ ጓሮው ክፍል ተመልሳ ፍራሹን ገለበጠችው።

የላቦራቶሪው መልስ በማግስቱ መጣ። መርማሪዋ ሁሉንም በተቀደደው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። እናትየው ጥቁር ለብሰው ከታናሽ ልጃቸው ጎን ተቀመጡ፤ ሚስቲቱ አሁንም ቆማለች። መርማሪዋ ራሷ ወንበር ጎትታ አስቀመጠቻት፤ እናትየውም በጥላቻ ፊታቸውን አዞሩ።

«ጠርሙሱ ውስጥ መርዝ የለም» አለች መርማሪዋ። «ኮኛክም የለም። በተቃጠለ ስኳር የጠቆረ ሻይ ነው።»

ታናሽ ወንድሙ ከመቀመጫው ተነሳ። «ይኸው! ሐኪሙ በአንዴ ካቆመ ይሞታል ብሎ ነግሯታል። እያወቀች ሻይ ሞልታ ላከችበት!»

«አንተስ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ሻይ መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ?»

«ቁጭ በል። እዚያ እንደርሳለን።» መርማሪዋ መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። «ሐኪሞቹ አስከሬኑን አይተውታል። የገደለው መንፈራገጥ ነው። ብረት እጅን የገደለው ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው አይደለም፤ ያልነበረው ነው። አሁን እስቲ አስቡት። ዕድሜ ልኩን የጠጣ ሰው ኮኛክና ሻይ ይምታታበታል?»

ቀጮ በአፍንጫው ሳቀ።

«በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቀዋል። ሚስቱ አታልላው ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱን ወርውሮ፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ካለው መሸጫ መጠጥ ያዝዝ ነበር። አላዘዘም። በነጻ ሲሰጡት እንኳ ፊቱን አዞረ። ሻይ መሆኑን ያውቅ ነበር። በገዛ ፈቃዱ ነው ያቆመው፤ ጠርሙሱ ራስጌው የተቀመጠው ቀጮና መሰሎቹ ይጠጣል ብለው እንዲያስቡ ነው። የሐኪሙን ማስጠንቀቂያ አልሰማም፤ ኮሪደር ላይ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ኮኛኩን በሻይ ቀይሮ ‹ወንድ ልጅ ከቆረጠ በአንዴ ነው፣ በርታ› ብሎታል። ማን? ሚስቱ ደጃፉን አትረግጥም። ባለ ፑል ቤቱ መሸጥ እንጂ ማስቆም አያውቅም። ቀጮን በዓይኑ አያየውም።»

የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

«ሲጠጣ አይቻለሁ ብያለሁ» አለ ታናሽ ወንድሙ።

«ብለሃል። ጠጣ፣ እጁ ረጋ፣ ጠረጴዛውን ጠራርጎ አጸዳው ብለሃል። የዚያኑ ቀን ረፋድ ግን ይህን ጨርቅ እንዲህ ተለተለው። ቀጮም እጁ አልቆም ሲለው አይቷል። ሻይ እጅ አያረጋም። አንተ የነገርከኝ ያየኸውን አይደለም፤ ስንት ዓመት በየጠዋቱ ስታየው የኖርከውን ነው። አፍህ ስለለመደው ወጣ።»

እናትየው የታናሹን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ። «ልጄን ተይው! እሱ ሳምንቱን ሙሉ ወንድሙን ሲያስታምም ነው የከረመው!»

«ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ነው ያደረው?»

«አዎን። ወንድሙ የሞተባትን ሌሊት ብቻ ነው እኔ ዘንድ የመጣው።»

«መጥቶ ምን አደረገ፣ እማማ?»

«ምን ያደርጋል? የግጥሚያ ሸሚዙን አስተኮሰኝና ተኛ…»

ሴትዮዋ ወደ ታናሹ ልጃቸው ዞሩ። የተናገሩት ለራሳቸው የገባቸው ከሌላው ሁሉ ዘግይቶ ነው።

«ተጠባባቂ ለፍጻሜ ሸሚዝ አስተኩሶ ያውቃል?» ስትል መርማሪዋ ባለ ፑል ቤቱን ጠየቀችው። እሱም በጭራሽ አለ፤ ተጠባባቂ ዳር ተቀምጦ ከማጨብጨብ ሌላ ሥራ የለውም። «ብረት እጅ በሕይወት እያለ ነው ሸሚዙ የተተኮሰው» አለች።

«እንዲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የፈለግኩት» አለ ታናሽ ወንድሙ በቀስታ። «አልችልም ብሎ ቦታውን እንዲለቅልኝ። እንደሚሞት አላመንኩም፤ ሐኪም ያጋንናል ብዬ…»

መርማሪዋ ከኪሷ የታጠፈ ቆዳ አውጥታ ጨርቁ ላይ ጣለችው። በሁለቱም ወገን ጥርስ እስኪበሳው ድረስ ተነክሷል። ጥግ ላይ በምላጭ የተጫረ ኮከብ አለበት። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ባለ ፑል ቤቱ «ያንተ መወልወያ አይደል እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ፍራሹ ሥር አገኘሁት» አለች መርማሪዋ። «ከመሞቱ በፊትም አንድ ጊዜ ተንፈራግጧል። አንተ አጠገቡ ነበርክ፤ ምላሱን እንዳይበላ ቆዳህን በጥርሱ መሃል አስገባህ። ያን ጊዜ አዘንክለት፤ ይህን አልክድህም። ሐኪሙ እንዳላጋነነም ያን ጊዜ በዓይንህ አየህ። መጠጡ ከግድግዳው ወዲያ ነበር። አንድ ብርጭቆ ቀድተህ፣ ሐኪም ጠርተህ ማዳን ትችል ነበር። አንተ ግን ብቻውን ትተኸው ሸሚዝ ልታስተኩስ ሄድክ።»

ታናሽ ወንድሙ ቆዳውን ትኩር ብሎ አየው። ሲናገር ንዴቱ ሐዘኑን ቀደመው።

«በስሜ የጠራኝ ሰው አለ?» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የብረት እጅ ወንድም ነኝ። ዋንጫውን ተሸክሜ የምከተለው እኔ፣ ሲያስመልሰው የማጥበው እኔ። እማማም እንኳ ‹ወንድምህ በላ ወይ?› ሳትለኝ ‹በላህ ወይ?› ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ በማይክሮፎን፣ በራሴ ስም ልጠራ ፈለግኩ።»

እናትየው እጁን ለቀቁት። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱ ሬሳ ቤት ነው፣ አንዱ ፊታቸው ቆሟል፣ ለየትኛው እንደሚያለቅሱ አላወቁም። ሚስቲቱ ተነስታ አጠገባቸው ሄደች። አልተሳደበችም፣ አላጽናናቻቸውምም።

«ልጄን ስጡኝ» አለች።

እናትየው ቀና ብለው ሳያይዋት የቤታቸውን ቁልፍ ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። ሚስቲቱ አንስታ ወጣች።

ፖሊሶቹ ሰውየውን በካቴና አስረው ሲያወጡት በረንዳው በሰው ተሞልቶ ነበር። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው አንገቱን አስግጎ ማን ነው የታሰረው ብሎ ጠየቀ። ቀጮ ሲጋራውን እየለኮሰ መለሰለት።

«የብረት እጅ ወንድም ነው።»